ወሪያ አቦ የሚባለው ወንጀለኛ

ኻሊፍ ዩሱፍ ዕድሜ ልኩን የኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ አለማወቁ ነው። ለክስ አልገባም፣ ለምስክርነት አልገባም፣ የጠፋበትን ዕቃ ለማስመዝገብ እንኳን አልገባም። አንድ ጊዜ አውራ ዶሮው ከግቢው ሲሰረቅ ጎረቤት ሁሉ «አመልክት» ቢለው፣ «አልተሰረቀም፣ አኩርፎ ሄዶ ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ሰው ስለ ጣቢያ ባነሳ ቁጥር «እኔ የማውቀው ጣቢያ የባቡሩን ነው» ይላል። አባቱ ለገሀር ሲሠሩ ስለኖሩ እውነቱን ነው። ቀልዱን ግን ከተማው ከሰማው ስለቆየ አሁን የሚስቅለት ከሌላ አገር የመጣ ተሳፋሪ ብቻ ነው።

ኻሊፍ ሃምሳን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ጸጉሩ ሸሽቶ ጢሙ ላይ የተጠለለ የባጃጅ ሹፌር ነው። ልጆች የሉትም፤ ሚስቱን በሕመም ካጣ ቆይቷል። ከሬዲዮ ጋር ይከራከራል፣ ከመንገዱ ጉድጓዶች ጋር ይከራከራል፣ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ግን ዝም ይላል፤ ከንፈሩ ብቻ ዱዓ ሲያደርግ ይታያል።

የባጃጁ ጀርባ ላይ በቢጫ ፊደል «ወሪያ አቦ» ተብሎ ተጽፏል። ይህንን አስቦ የጻፈው የለም። ባጃጁን የገዛ ሰሞን ቀፊራ አካባቢ ወደሚሠራ አንድ ጽሑፍ ጻፊ ወሰደው፤ ሐሳቡ «አላህ ይጠብቀን» ሊያስጽፍ ነበር። ሰውየው ብሩሹን ነክሮ «ምን ልጻፍ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በዚያችው ቅጽበት አንድ ጋሪ ገፊ አዲሱን ባጃጅ ሊፍቀው ተጠጋ። ኻሊፍ «ወሪያ! አቦ!» ብሎ ጮኸ። ጻፊው የሰማውን ጻፈ። ሲያልቅ ደግሞ ቢጫው ፊደል በቀይ ጥላ ታጅቦ እጅግ ያምር ስለነበር፣ ኻሊፍ ለማስጠፋት አንጀቱ አልቻለም።

ድሬዳዋን ለማያውቅ ሰው ልንገር። «ወሪያ» ከሶማልኛ የመጣ ጥሪ ነው፤ «አንተ ሰው!» እንደማለት ነው። ድሬ ውስጥ ግን የአንድ ቋንቋ መሆኑ ቀርቷል። ኦሮሞው ወሪያ ይላል፣ ሐረሪው ወሪያ ይላል፣ ጉራጌው ወሪያ ይላል፣ ከመጣ ሳምንት ያልሞላው እንግዳም ወሪያ ይላል። የሚያውቁትም የማያውቁትም የሚጠራበት ነው። «አቦ» ደግሞ ለልመናም፣ ለቁጣም፣ ለፍቅርም ይሆናል። ቃል የጠፋበት ሰው አቦ ይላል፤ ቃል የተትረፈረፈለትም አቦ ይላል። ሁለቱን የያዘ ሰው ድሬ ላይ ጦሙን አያድርም።

ይህ ሁሉ ባልከፋ፤ ኻሊፍን ግን ፍቅር ይዞት ነበር። ፈርዶውሳ ታይዋን በሚባለው ገበያ ሽቲ የሚሉትን ስስ ቀሚስና ሻርፕ ትሸጣለች። ጠዋት ይወስዳታል፣ ማታ ይመልሳታል። የመጀመሪያ ባሏ ኮንትሮባንድ እያመላለሰ ሲያዝ ሲፈታ፣ ሲያዝ ሲፈታ የኖረ ሰው ነበር፤ የእሷም ወጣትነት ምሳ ዕቃ ይዞ በጣቢያ በር በመቆም አለቀ። በመጨረሻ ተፋቱ። ኻሊፍ ሽማግሌ ሲልክባት ብዙ አልተግደረደረችም።

«ድሃ ቢሆን ግድ የለኝም» አለቻቸው። «ማኩረፍ ቢወድም እችለዋለሁ። ግን ወላሂ! ዳግመኛ ለወንድ ምሳ ይዤ ጣቢያ በር ላይ አልቆምም። ከፖሊስ ጋር ጉዳይ ያለው ከሆነ ከአሁኑ ይቅርብኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። «ኻሊፍ? እሱ የሚያውቀው ጣቢያ የባቡሩን ነው!» አሉ። ኒካው ለሚቀጥለው ዓርብ ተቆረጠ።

ኻሊፍን ቅር ያሰኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፈርዶውሳ በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ወሪያ፣ እዚህ ጋ አቁም»፣ «ወሪያ፣ ነገ አርፍደህ እንዳትመጣ»፤ ሽማግሌ ከተላከ በኋላም ያው ወሪያ። የድሬ ወንድ ሁሉ የሚጠራበትን ቃል ነው እሱም የሚያገኘው። «ይህች ሴት ስሜን ታውቀው ይሆን?» እያለ በሆዱ ይብሰለሰላል። ለማንም ግን አልተናገረም፤ በዚህ ዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር አንስቶ የጫት በርጫ መሳቂያ መሆን አልፈለገም።

በዚያ ሰሞን ከገበያው ወደማትርቅ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ኮምፒዩተር መጣ። የጣቢያዋን ስም አልጠራም፤ ከሰው ጋር መቀያየም አልፈልግም። እዚያ ውስጥ የሆነውን ኮንስታብል ቡልቻ ነው በኋላ ለኻሊፍ የነገረው።

ኮምፒዩተሩ የመጣው ከዓብዩ ጋር ነው። ዓብዩ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሒሳብ የተማረ፣ ጨዋ፣ ሙቀቱ ያሸነፈው ወጣት ነው። ሥራው የቆዩ የወንጀል አቤቱታዎችን ሁሉ ለማሽኑ ማብላት ነበር። ማሽኑ በልቶ ሲጠግብ ማን፣ የት፣ መቼ ወንጀል ሊፈጽም እንደሚችል በፐርሰንት ይናገራል። የጣቢያዋ አዛዥ ኢንስፔክተር ነጋ ከደጋ አገር ተዛውረው ገና መምጣታቸው ነው፤ ማሽኑን እንዳዩ ወደዱት።

«ሌባን ከሰረቀ በኋላማ ማንም ይይዘዋል» ብለው ፖሊሶቹን ሰብስበው ተናገሩ። «እኛ ሳይሰርቅ ነው የምንይዘው!»

ሳይሰርቅ የተያዘ ሰው በምን ሒሳብ ሌባ እንደሚባል የጠየቀ አልነበረም። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ማሽኑ በልቶ ሲጨርስ አንድ ስም ተፋ፤ ወሪያ አቦ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሬ ውስጥ ሰው ሲሰረቅ ይጮኻል፤ የሚጮኸውም «ወሪያ!» ብሎ ነው። በኋላ መርማሪው «ሌባውን ምን ብለው ጠሩት?» ሲል ምስክሩ ሐቁን ይናገራል፤ «ወሪያ፣ አቦ! ብለው ጠሩት» ይላል። መርማሪው እንግዳ ከሆነ ስም ወሪያ፣ የአባት ስም አቦ ብሎ ይጽፋል። የድሬ ተወላጅ የሆነውም ቦታው ባዶ ከሚቀር ብሎ ይጽፋል። ይህ ለዓመታት ተጠራቀመ። ማሽኑ ድሬ አልተወለደ፣ ወሪያ ቃል እንጂ ሰው አለመሆኑን በምን ይወቅ?

እናም ዓብዩ ግድግዳው ላይ ያሳየው የወሪያ አቦ ታሪክ የሚያስደነግጥ ነበር። ታይዋን ላይ ስልክ እየመነተፈ በዚያው ሰዓት ከከተማው ርቆ ጀልዴሳ ላይ ፍየል ይነዳል። አጭርም ነው፣ ረዥምም ነው። ሕፃንም ሆኖ ያውቃል፣ ሽማግሌም ሆኖ ያውቃል። ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪኛና አማርኛ ያንበለብላል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ነፍሰ ጡር ነበር።

«መልኩን ይቀያይራል» አሉ ኢንስፔክተሩ፣ በድምፃቸው ውስጥ አድናቆትም ነበረበት።

«ፈጣን መጓጓዣም አለው» አለ ዓብዩ። «ሒሳቡ እንደሚያሳየው ባጃጅ መሆን አለበት። መኪና የማይገባበት ሁሉ ይገባል።»

ከኋላ ቡልቻ እጁን አወጣ። ቡልቻ እዚያው ድሬ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ነው። «ጌታዬ፣ ወሪያ ማለት እኮ…»

«አስተያየት በመጨረሻ!» አሉ ኢንስፔክተሩ። በመጨረሻ ደግሞ ጊዜ አልበቃም። ቡልቻም «የተማሩ ሰዎች ይህችን አያጧትም፣ እኔ ያልገባኝ ጥልቅ ነገር ቢኖረው ነው» ብሎ እጁን አወረደ።

ሐሙስ ረፋድ፣ የኒካው ዋዜማ ዕለት፣ ኻሊፍ ፈርዶውሳን ገበያ አድርሶ ሲመለስ ኢንስፔክተር ነጋ በመኪናቸው መስኮት ቢጫውን ጽሑፍ አዩት። ዓይናቸውን አሹ። ወንጀለኛው ስሙን በባጃጁ ላይ፣ ያውም በቀይ ጥላ አስጊጦ፣ በጠራራ ፀሐይ ከተማውን ይዞራል።

«ንቀቱ!» አሉ። ለማረጋገጥም ወርደው ጮኹ። «ወሪያ አቦ!»

«አቤት!» አለ ኻሊፍ ዞሮ።

እውነቱን ለመናገር ሙዝ ሻጩም ዞሯል፣ መንገድ ላይ የነበሩ ተማሪዎችም ዞረዋል፣ ግንቡ ሥር የተኛ አንድ ሰውም ከእንቅልፉ ሳይነቃ «አቤት» ብሏል። እነሱ ግን ባጃጅ ላይ አልተጻፉም።

ኻሊፍ እንዲህ ባለ ሁኔታ ሕይወቱን ሙሉ የሸሸውን በር ተሻገረ። ወንበር ላይ አስቀምጠው ኢንስፔክተሩ ፊት ለፊቱ፣ ዓብዩ ኮምፒዩተሩ ጋ ተቀመጡ።

«ስም?»

«ኻሊፍ ዩሱፍ።»

«ሌላውስ ስምህ?»

«ሌላ የለኝም አቦ።»

ኢንስፔክተሩ ዓብዩን ጠቀሱት። ዓብዩ መዘገበ።

«ሰው ምን ብሎ ነው የሚጠራህ?»

«ወሪያ ነዋ!»

«ማን ማን ነው እንደዚህ የሚጠራህ?»

ኻሊፍ አሰበ። «ሁሉም።»

«ግብረ አበሮችህ በሙሉ ማለት ነው። ስማቸው?»

«የማን? የከተማው ሰው? አንተ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው የምትጠይቀው?»

«አንተ አትበለኝ!»

«ታዲያ ምን ልበልህ? ወሪያ?»

ይህም ተመዘገበ። ዓብዩ ቅን ልጅ ስለሆነ ነገሩ አሳዘነውና ኮምፒዩተሩን ወደ ኻሊፍ አዞረለት። «ጋሼ፣ እኔ በግል እርስዎን የምጠላበት ምክንያት የለኝም» አለ። «ማሽኑ ግን ዘጠና ሦስት ፐርሰንት እርስዎ ነዎት እያለ ነው። ሒሳብ ደግሞ አይዋሽም።»

ኻሊፍ ቁጥሩን አየው። ሰው ቢከሰው ይከራከር ነበር። ሰው ቂም ይይዛል፣ ይቀናል፣ ያጋንናል። ፐርሰንት ግን ምን አስቀይሞት ይዋሽበታል? ራሱን መጠርጠር ጀመረ። ጀልዴሳ አንድ ጊዜ ለለቅሶ ሄዶ ያውቃል። ፍየልም አይቷል። አንደኛዋ እንዲያውም ትኩር ብላ አይታው ነበር። «ሳላውቀው ነድቻት ይሆን?» አለ በልቡ። ቀጥሎ የተረፈችው ሰባት ፐርሰንት አሳሰበችው። ንጹሑ ሰባት የቱ ጋ ነው ያለው? ቀኝ እጁ ነው? አንድ እግሩ ነው? ነገ ፈርዶውሳን የሚያገባውስ የትኛው ነው?

ቀትር ላይ ነገሩ የላላ መሰለ። ታይዋን ላይ ስልክ የተሰረቀበት ሰው ተጠርቶ መጣና ኻሊፍን ሲያይ «ይኼማ ባጃጅ ነጂው ነው! ሌባው ጸጉራም ነበር» አለ። ኢንስፔክተሩ ሊለቁት ፈለጉ። ማሽኑ ግን አልለቅም አለ። ዓብዩ እንዳስረዳው፣ ማሽኑ «ተገኘ» ማለት እንጂ «ተሳሳትኩ» ማለት አልተማረም። መውጫው አንድ ነው፤ ኻሊፍ «ወሪያ አቦ» ብሎ ፈርሞ ክትትል ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሐሙስ ጣቢያ እየመጣ ይታያል።

«ፈርምና ውጣ አቦ» አለው ቡልቻ በጆሮው። «ነገ ኒካህ አይደል እንዴ?»

ኻሊፍ እስክሪብቶውን አነሣ። ቢፈርም፣ ፈርዶውሳ በየሳምንቱ ጣቢያ የሚመላለስ ባል ልታገኝ ነው፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ አንዴ አግኝታ ጠግባዋለች። ባይፈርም እዚሁ ያድራል፤ ነገ ሽማግሌዎቹ ሙሽራውን ከእስር ክፍል ሊጠይቁ ይመጣሉ። በየትም በኩል ቢያየው እሷን የሚያጣ መሰለው። እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ።

«አልፈርምም» አለ። «ቤቱ ኪራይ ነው፣ ባጃጁም እግሩ ሦስት ብቻ ነው፣ ጸጉሬም አልቋል። ሙሉ የሆነ ነገር ያለኝ ስሜ ነው። ስሜ ኻሊፍ ነው።»

መስኮቱ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀምጠው ተዉት፤ ዓብዩም ኮምፒዩተሩን ይዞ ወደ ላይኛው ክፍል ወጣ።

ድሬ ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ብዙም ሳይቆይ ኻሊፍ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ፈርዶውሳን አያት። ከሌላ ሰው ባጃጅ ወርዳ፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ፣ ወደ ጣቢያው በር መጣች። ጥቂት ሲቀራት ግን ቆመች። ያንን አቋቋም ማንም ሳይነግረው ገባው። ፀሐዩን ታውቀዋለች፣ በሩን ታውቀዋለች፣ የምሳ ዕቃው እጀታ እጇን ሲቆርጣት ታውቀዋለች። ወላሂ ብላ የማለችው ስለዚህ ነው። አሁን ትመለሳለች አለ ኻሊፍ፤ ዓይኑንም ጨፈነ።

ሲገልጠው በሩ ላይ ነበረች።

«ማንን ነው?» አለ ጠባቂው።

«ባጃጅ ነጂውን።»

«ስሙ ማን ነው?»

ፈርዶውሳ አፏን ከፍታ ዘጋችው። ኻሊፍ ወደ ፍርግርጉ ተጠጋ። እሷ ግን ከጠባቂው ጋር ጥያቄና መልስ ሰለቻት፤ ወደ ግቢው ዞረችና እንደ ልማዷ፣ ታይዋንን ከዳር እስከ ዳር በሚያሰማው ድምፅዋ ተጣራች።

«ወሪያ!»

«አቤት!» አለ ጠባቂው አጠገቧ ቆሞ።

ተራ ይዘው የተቀመጡት ባለጉዳዮች ሁሉ ቀና አሉ። ከእስር ክፍሉ ውስጥ በአንድ ድምፅ «አቤት!» ተሰማ። ከመንገዱ ማዶ ባጃጆች ፍሬን ያዙ። ቡልቻ እየሮጠ ወጣ። ለምስክርነት የተጠራው ሙዝ ሻጭ ግማሽ ሙዝ በጉንጩ እንደያዘ ተነሣ። ከአጥሩ ሥር የቆመች ፍየልም ዞራለች ይባላል፤ ለእሷ ግን ምስክር አላገኘሁም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የላይኛው ክፍል መስኮት በኃይል ተከፈተና የዓብዩ ጭንቅላት ብቅ አለ።

«አቤት!»

ዓብዩ ድሬ ከመጣ ጀምሮ ባለ ሱቁም፣ ባለ ጭማቂውም፣ አከራዩም የሚጠሩት እንደዚያ ነበር። ጆሮው ከሒሳቡ ቀድሞ ለምዶታል።

ኢንስፔክተር ነጋ ግቢው መሀል ቆመው ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

«ዓብዩ» አሉ። «አንተ ስንት ፐርሰንት ነህ?»

ቡልቻ ጉሮሮውን ጠራረገና «ጌታዬ፣ ያን ዕለት ልናገር የፈለግሁት…» ሲል ኢንስፔክተሩ ከልማድ «አስተያየት በመጨ…» ብለው ጀመሩና ራሳቸው ተዉት። «ተናገር» አሉ። ተናገረ። ሻይ እስኪቀዳ እንኳን አልፈጀበትም።

ፈርዶውሳ ይህንን ሁሉ አልሰማችም። ያ ሁሉ ወንድ አፍጥጦ ስላያት አፍራ ቆማለች። የምትፈልገው አንዱን ነው፤ ጥሪዋ ግን ለሁሉም ደርሷል። ምርጫ አልነበራትም። ሻርፗን አስተካከለች።

«ኻሊፍ!» አለች።

ከዚያ ሁሉ ወንድ አቤት ያለ አልነበረም። ሁሉም ወደየጉዳዩ ዞረ። አንዱ ብቻ፣ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል፣ እጁን አውጥቶ ያውለበልባል። ደስ ብሎት ነበር፤ እስር ቤት ውስጥ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ልቀቁት» አሉ ኢንስፔክተሩ።

«ማሽኑስ?» አለ ዓብዩ።

«እሱን እሰሩት!»

ኻሊፍ ሲወጣ ፈርዶውሳ አላለቀሰችም፣ አላቀፈችውምም፤ ተቆጣች። «መሐላዬን አስፈረስከኝ» አለች። «የማልኩት ለሌባ ብዬ ነበር፣ ግን መሐላ መሐላ ነው። አሁን ለመሐላው ካሳ ዐሥር ምስኪን ማብላት አለብኝ!» ዞር ስትል ዓብዩ በላብ ተነክሮ፣ ላፕቶፑን እንደታመመ ሕፃን ታቅፎ ደረጃው ላይ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች አየችው። «ና ቁጭ በል» አለችና ምሳ ዕቃውን ከፈተችለት። «አንተ አንደኛው ነህ።» ኻሊፍ የእሱ ሩዝና ሥጋ በሰው አፍ ሲያልቅ ቆሞ አየ።

ኒካው በቀኑ ታሰረ። ዓብዩም ከዚያ ወዲህ የኻሊፍ ደንበኛ ሆነ። አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጦ፣ ወሪያ አቦን ከማሽኑ ማውጣት እንዳቃተው ነገረው፤ ወይ ሞቷል ወይ ታስሯል ካልተባለ ማሽኑ አይረሳውም፤ ኢንስፔክተሩ ደግሞ ያልተወለደን ሰው ሞተ ብዬ አልፈርምም ብለዋል። ኻሊፍ እንደ ልማዱ ሊስቅ አሰበና ሳቁ አልመጣለትም።

«እኔስ በስሜ የምትጠራኝ ነበረችኝ» አለ። «በስሙ የሚጠራው የሌለውን ሰው ማሽኑ ሲይዝ ምን ልታደርጉ ነው?»

ዓብዩ ሒሳብ ከፍሎ ወረደ። ኻሊፍም አልጨቀጨቀውም፤ ያን ቀን ጽሑፉን ሊያስቀይር ወደ ቀፊራ መሄድ ነበረበት።

ጽሑፍ ጻፊው ያው የድሮው ሰውዬ ነው። ቢጫውን «ወሪያ አቦ» በቀለም ሸፍኖ ብሩሹን ነከረ። «ምን ልጻፍ?» አለ። ኻሊፍ በዚህኛው ጊዜ ብልጥ ሆኗል፤ አስቦ እስኪጨርስ ምንም እንዳያመልጠው አፉን በእጁ ያዘ። ባጃጁ ውስጥ የተቀመጠችው ፈርዶውሳ ግን መጠበቅ ታክቷት ነበር።

«ኻሊፍ፣ ቶሎ በል አቦ! ምሳው ቀዘቀዘ!»

ጻፊው የሰማውን ጻፈ።

ከለገሀር ወደ ታይዋን ስትሄዱ ጀርባው ላይ «ኻሊፍ ቶሎ በል አቦ ምሳው ቀዘቀዘ» የሚል ባጃጅ ካያችሁ እሱ ነው። ሌሎች ሹፌሮች ሲቀድሙት ጽሑፉን ጮክ ብለው እያነበቡ ይስቁበታል። ኻሊፍ አላስጠፋውም። «ይሳቁ» ይላል። «ባጃጁ ላይ ያለው ስሜ ነው፤ የጠራችኝም እሷ ናት።»